በአክስቴ ደጃፍ የወደቁት አሜኖች

አሜኖቹ አክስቴ ደጃፍ ላይ መውደቅ የጀመሩት ረቡዕ ጠዋት ነው። ዳቦ ልገዛ በሩን ስከፍት ሦስት ነበሩ። ዳቦውን ይዤ ስመለስ ከበሩ ፊት ያለውን ወለል ሞልተው ደረጃውን መውረድ ጀምረዋል።

አንድ አሜን ሎሚ ያህላል። ቀለሙ ነጣ ያለ ግራጫ ነው። ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፤ ከኮርኒሱ ትንሽ ዝቅ ብሎ ብቅ ይልና ቀጥ ብሎ ይወርዳል። መሬት ሲነካ ድምፅ የለውም። ሲያነሱት ለብ ያለ ነው፤ እጅ ላይ እንዳለ ይቀዘቅዛል። አይሸትም። በቢላዋ አይቆረጥም፤ ሞክሬዋለሁ። ሲረገጥ ግን፣ ወሬ እየነገሩት ቴሌቪዥን እንደሚያይ ሰው፣ "እህ" ይላል።

አሜን መሆናቸውን ያወቅኩት ስልኬን ከፍቼ ነው። ከእኛ በታች ሦስተኛ ፎቅ የሚኖረው ኢዮስያስ ፌስቡክ ላይ "ቀና ሐሳቦች" የሚባል ገጽ አለው። ሰኞ ስለ እምነት፣ ማክሰኞ ስለ ደግነት፣ ሐሙስ ስለ ጠያቂነት ይጽፋል። ማክሰኞ ማታ የአክስቴን ፎቶ ለጥፎ ነበር። ከፎቶው ሥር አንድ ሰው "አሜን" ብሎ በጻፈ ቁጥር እኛ ደጃፍ አንድ ነገር ይወድቃል። ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ተጻፈ፣ ወደቀ። ተጻፈ፣ ወደቀ። አንዲት ሴት "አሜን አሜን አሜን" ስትል ሦስት ወረዱ። "አሚን" ብለው የጻፉም ነበሩ። የእነሱም ሎሚ ያህላል፤ ልዩነት ፈልጌ አጣሁ።

ተናድጃለሁ። ታሪኩን ረጋ ብዬ ስለምናገር የበረደልኝ እንዳይመስላችሁ።

አክስቴ አስካለ ኩላሊቶቿ ሥራ ካቆሙ ቆይተዋል። ማክሰኞና ዓርብ ጠዋት ለእጥበት ትሄዳለች። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ሊፍት የለም፣ እግሯም ደረጃ አያወርዳትም። ስለዚህ ብሎካችን አንድ አሠራር ነበረው። አራት ወንዶች በባለመደገፊያ የእንጨት ወንበር ያወርዷታል፣ ስትመለስም ያወጧታል። የፊት ቀኙን እግር የሚይዙት ጋሽ ደምሰው ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌርና የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ። የፊት ግራውን መለዋወጫ የሚሸጠው ሸምሱ ይይዛል። የኋላ ቀኙ የጎይቶም ነው፤ ሒሳብ ያስተምራል፣ ሁለተኛ ፎቅ ነው ያለው። የኋላ ግራው የኢዮስያስ ነበር።

ይህን ማንም ተሰብስቦ አልወሰነም። አንድ ቀን ጋሽ ደምሰው አክስቴን ደረጃ ላይ ተቀምጣ ስታለቅስ አገኟትና ሦስቱን ጠሩ፤ በዚያው ቀጠለ። ጋሽ ደምሰው "መታጠፊያ!" ሲሉ ሁሉም ይቆማሉ፣ ሸምሱ ክንዱን ይቀይራል፣ ከዚያ "ሂድ" ይላሉ። ታች ሲደርሱ አክስቴ አራቱንም በየስማቸው ትመርቃለች። እነሱም ጎንበስ ብለው አሜን ይላሉ። ያ አሜን መሬት ወድቆ አያውቅም። ከዚያ ሱሪያቸውን አራግፈው ወደየሥራቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ነገር አንድም ሰው አውርቶ አያውቅም ነበር።

ኢዮስያስ ፎቶውን ያነሳው በግራ እጁ ነው። በዚያች ቅጽበት የኋላ ግራውን እግር ማንም አልያዘውም። አክስቴ ዘመም አለች። ፎቶው ላይ ዘመም ማለቷ ትሕትና ይመስላል። ጋቢዋን ለብሳለች፣ ዓይኗን ጨፍናለች፤ የጨፈነችው ልትወድቅ መስሏት ነው። ከሥሩ እንዲህ ይላል፦

"ደግነት ክንድ አለው። ዛሬ እናታችንን ከአራተኛ ፎቅ አወረድን። እኛ ግን አልተሸከምናትም፤ እሷ ናት እኛን የተሸከመችን። አሜን ሳትሉ አትለፉ።"

እኔ እዚያው ቆሜ ነበር። አክስቴ ማንንም አልተሸከመችም። ሰባ ኪሎ ናት።

ረቡዕና ሐሙስ እየጠረግኩ ዋልኩ። በማዳበሪያ ከረጢት ሞልቼ ታች አወረድኩ። ቆሻሻ የሚሰበስቡት ሴቶች ጋሪያቸውን አቁመው ከረጢቱን ከፍተው አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

"ምንድን ነው ይሄ?" አለች አንደኛዋ።

"አሜን ነው።"

"ቆሻሻ ነው ብለን አሜን አንጭንም፣ እህቴ። በላያችን ላይ መዓት ታመጪብናለሽ።"

ከረጢቱን መልሳ ሰጠችኝ፤ እኔም ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ አወጣሁት። ግቢ ውስጥ ልደፋው ስል፣ ልጆች ይረግጡታል ብለው እናቶች ተቆጡ። በመስኮት ለመወርወርም አሰብኩ፤ ሰው ይመታል።

አክስቴ አልጋዋ ላይ ሆና አንዱን እንድሰጣት ለመነችኝ። ድሮ ስልክ አገናኝ ነበረች፤ የሰውን ድምፅ በመስማት ነው ጡረታ የወጣችው። አሜኑን ተቀብላ ጆሮዋ ላይ አደረገች።

"ማን ልበል?" አለች።

ወደ ሌላው ጆሮዋ አዛወረችው።

"ማንም የለም" አለችና መለሰችልኝ። "መስመሩ ክፍት ነው፤ የሚናገር ግን የለበትም።"

ዓርብ ጠዋት አልጋዋ ጫፍ ላይ አስቀምጬ ጫማዋን አደረግኩላት። ወንዶቹ የሚመጡት አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። አልመጡም። አንድ ሰዓት ሲሆን በአሜኖቹ ውስጥ እየዳኸሁ ወረድኩ፤ በየደረጃው "እህ፣ እህ" ይሉኛል።

ጋሽ ደምሰው በራቸውን በፒጃማ ከፈቱ።

"ጋሼ፣ እትዬ እየጠበቀች ነው።"

"ልጄ፣ አሜን ብያለሁ እኮ" አሉ።

"የት?"

"እዚያው ላይ ነዋ! ሁለት ጊዜ ነው ያልኩት። እንዲያውም በደንብ መድረሱን ልጄን ጠይቄ አረጋግጫለሁ።"

"እትዬ ግን ፎቅ ላይ ናት።"

"እሱማ ናት" አሉ በሐዘኔታ። "አይዞሽ፣ አንድ ልጨምር።" መነጽራቸውን አድርገው በአንድ ጣታቸው ጻፉ። ላይ ቤት ሲወድቅ ድምፅ ስለሌለው አልሰማሁም። ግን ወድቋል።

ሸምሱ ሱቁን ሊከፍት ሲወጣ ደረጃ ላይ አገኘሁት። "እኔም አሚን ብያለሁ" አለኝ፤ "ሼርም አድርጌያለሁ። ጅማ ያለው ወንድሜ ሳይቀር ብሏል።" የልቡን ነው የሚናገረው። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎ ሄደ።

ጎይቶም ነገሩን አስቦበት ነበር። "ይኸውልሽ ትርሲት" አለኝ፣ "አራት ሰው ሰባ ኪሎ ሲሸከም ለያንዳንዱ የሚደርሰው ይታወቃል። አሁን ግን ሸክሙ ለስንት ሺህ ሰው ነው የተካፈለው። ለእኔ የሚደርሰኝ ከአንድ ወረቀት ክብደት ያንሳል። እሱን ደግሞ ተሸክሜያለሁ።"

"ታዲያ ያ ስንት ሺህ ሰው የታለ?"

"እሱን አላውቅም" አለ። እውነቱን ነው፤ አያውቅም።

ዓርብ እንዲህ አለፈ። ቅዳሜ የአክስቴ እግር አብጦ ካልሲ አልገባ አለ። እሑድ ፊቷም አበጠ። ትራስ ደራርቤላት ተቀምጣ ነው የምታድረው፤ ጋደም ስትል ትንፋሽ ያጥራታል። ውሃ አማረኝ ትላለች፤ ተከልክላለችና እኔ ጨርቅ ነክሬ ከንፈሯን አረጥባለሁ። እጥበት ቤት ደውዬ ሲስተር ፍሬሕይወትን አገኘኋት።

"አንድ ቀን አለፈ" አለችኝ። "ማክሰኞም ካለፈ ሳንባዋ ውሃ ይሞላል። በምንም ይሁን በምንም አምጫት።"

በምንም ይሁን በምንም። እሑድ ከሰዓት በኋላ ኢዮስያስ ቤት ወረድኩ።

ሶፋው ላይ ተቀምጦ ለእያንዳንዱ አሜን "ተባረኩ" እያለ ይመልሳል። ደክሞታል፤ ዓይኖቹ ቀልተዋል። ሻይ ሊያፈላልኝ ተነሳ። መጥፎ ሰው ቢሆን ኖሮ ይሄኔ ተገላግዬ ነበር።

"አጥፋው" አልኩት።

"ምኑን?"

"ፎቶውን። ለጥፈህ የሰቀልከውን አውርደው።"

"ትርሲትዬ፣ ይሄ ሁሉ ሕዝብ አሜን ያለበትን ነገር እንዴት አጠፋለሁ?" ድምፁ እውነተኛ ድንጋጤ ነበረው። "አሜን ይሰረዛል? አንቺ ብትሆኚ ትሰርዢዋለሽ?"

"አዎ።"

"አታደርጊውም።"

"ኢዮስያስ፣ አክስቴ ልትሞት ነው።"

ስልኩን ቁልቁል አየ። "ይህንን ልጻፈው?" አለኝ።

ያን ጊዜ ነው የራሂማ ጥያቄ የመጣው። ደሴ የምትኖር ሴት ናት፤ አላውቃትም። በዚያ ሁሉ አሜን መሃል እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "እኚህን እናት አሁን ማን ነው የሚያወርዳቸው?" የኢዮስያስ በር ክፍት ስለነበር ደረጃው ይታየኛል። ያ ጥያቄ እንደተጻፈ ከደረጃዎቹ አንዱ ላይ የነበሩት አሜኖች ወደ ግራና ወደ ቀኝ ተገፉና ሲሚንቶው ብቅ አለ። አንድ ደረጃ ብቻ፤ ንጹሕ፣ የተወለወለ።

"አየኸው?" አልኩት።

ኢዮስያስ ደረጃውን አላየም። ስልኩን ነው የሚያየው፤ ፊቱ ኮስተር ብሏል። "እንዲህ ዓይነት አሉታዊ መንፈስ ያላቸው ሰዎች አሉ" አለ። ጥያቄውን አጠፋው። ሴትየዋንም ከገጹ አገዳት። ደረጃው ተመልሶ ሞላ።

ሐሙስ ሐሙስ ስለ ጠያቂነት የሚጽፈው ይኸው ሰው ነው። ባለፈው ሐሙስ "ጠያቂ ልብ የፈጣሪ መስኮት ነው" ብሎ ነበር። እዚያ ሥርም አሜን ብለውለታል። ሻዩን ሳልጠጣ ወጣሁ። እኔም በራሴ ስልክ አሥር ያህል ጥያቄ ልጽፍ ጀመርኩ፤ በሦስተኛው ላይ እኔንም እንዳልጽፍ አገደኝ።

ሰኞ ጠዋት በራችን አልከፈት አለ። አሜኖቹ ከውጭ እስከ እጀታው ደርሰዋል። ስገፋው የክንድ ያህል ክፍተት ይሰጠኛል፤ ከዚያ በላይ እምቢ ይላል። በዚያች ክፍተት ወንበሩ ይታየኛል። ወንዶቹ ሁልጊዜ በራችን አጠገብ ነው የሚያስቀምጡት፤ ባለፈው ማክሰኞ የአክስቴ ጋቢም እዚያው ላይ ቀርቶ ነበር። አሜኖቹ ከሁሉ ቦታ ይልቅ ወንበሩ ላይ ይወድቁ ጀመር። በጋቢው ሥር እየገቡ ይደረደራሉ። ማታ ሲሆን ጋቢው ትከሻ አውጥቷል።

በዚያው ማታ ኢዮስያስ አዲስ ነገር ለጠፈ። ብዙ ሰው "እናታችን እንዴት ናቸው?" ሳይሆን "ሌላ ፎቶ የለም ወይ?" ስላለው፣ ማክሰኞ ጠዋት በቀጥታ ስርጭት እንደሚያወርዷት ተናገረ። ጎረቤቶቼ አሜን አሉ። በመጨረሻ ሊመጡ ነው ብዬ እኔም ደስ አለኝ፤ አልዋሽም። ለአክስቴ ነገርኳት። የምትለብሰውን ቀሚስ መረጠች።

ማክሰኞ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መጡ። አራቱም "ቀና ሐሳቦች" የሚል የታተመበት ነጭ ቲሸርት ለብሰዋል። በአሜኖቹ ላይ እየተረማመዱ ነው የወጡት፤ የኢዮስያስ ስልክ ደረቱ ላይ በማሰሪያ ተንጠልጥሏል። ዓይኔን ወደ ክፍተቱ አስጠግቼ አየኋቸው።

"በሩን ሳቡልኝ!" አልኩ። "ከውጭ ጥረጉልኝና በሩን ልክፈተው!"

ኢዮስያስ ከወንበሩ ፊት ጎንበስ አለ። "እማማ አስካለ፣ እንደምን አደሩ!" አለ፤ ለጋቢው።

"እንዴ! እሷ እዚህ ናት! እዚህ ውስጥ ናት!"

"ልጄ፣ አትረብሺ" አሉኝ ጋሽ ደምሰው በሹክሹክታ፣ "ቀጥታ ስርጭት ላይ ነን።"

አራቱም የየራሳቸውን የወንበር እግር ያዙ። እንደዚያን ቀን ተጠንቅቀው ተሸክመው አያውቁም። ኢዮስያስም ስልኩ ደረቱ ላይ ስላለ ሁለቱም እጆቹ ወንበሩ ላይ ነበሩ። ሸምሱ "ዛሬ ከበድ ብለዋል፣ ማሻአላህ" አለ። ጎይቶም ጋቢው እንዳይወድቅ ጫፉን ሰበሰበ። "መታጠፊያ!" የሚለው የጋሽ ደምሰው ድምፅ ከሦስተኛ ፎቅ መጣ፣ ከዚያ ከሁለተኛው፣ ከዚያ ከአንደኛው። ጮህኩ። ምን ብዬ እንደጮህኩ እዚህ አልጽፈውም፤ አክስቴ "ነውር ነው" እስክትለኝ ጮህኩ።

ታች ሲደርሱ በመስኮት አየኋቸው። ወንበሩን አስቀምጠው እንደ ልማዳቸው ለምርቃት ጎንበስ አሉ። ወንበሩ ምንም አላለም። ጥቂት ጠበቁና አሜን አሉ፤ ወንበሩን ከነጋቢው ሚኒባስ ውስጥ አስገብተው ሄዱ።

አዲስ የሚወድቁት አሜኖች ወንበሩን ተከትለው ስለሄዱ እኛ ደጃፍ መውረዳቸው ቆመ። የቀሩትን በትከሻዬ እየገፋሁ በሩን ከፈትኩት። አክስቴን ላዝላት ሞከርኩ፤ ከባድ ናት፣ ከውሃው ጋር ደግሞ ብሷል። ብርድ ልብስ ወለሉ ላይ አነጠፍኩ፣ እሷን አስቀመጥኩ፣ ጫፍና ጫፉን ይዤ ጎተትኩ። እስከ ደረጃው አፍ ደረስን። ከዚያ በታች እስከ ጉልበቴ አሜን ነው። ብርድ ልብሱ ተቀረቀረ።

የራሂማ ነገር ትዝ አለኝ። ስልክ አላወጣሁም፤ በአፌ ጠየቅኩ።

"ዓርብ የት ነበራችሁ?" ብዬ ጮህኩ።

አንድ ደረጃ ተጠረገ። አክስቴን አወረድኳት። ያንኑ ጥያቄ ደገምኩት፤ ምንም አልሆነም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ደረጃ አዲስ ጥያቄ ያስፈልግ ነበር። ቀድሞም ጥያቄ አላጣሁም።

"ጋሽ ደምሰው፣ መጀመሪያ ስታለቅስ ሲያገኟት ምን ነበር የተሰማዎት?" አንድ ደረጃ። "ሸምሱ፣ የማንን ፊት ነው ጅማ የላክኸው?" አንድ ደረጃ። "ጎይቶም፣ ወረቀቱ ይከብዳል?" አንድ ደረጃ። "ኢዮስያስ፣ እጅህን ለምን ለቀቅህ?" አንድ ደረጃ። በሮች ተከፈቱ። ሰዎች ስልካቸውን ይዘው ወጡ። "እናንተስ፣ ምን ትቀርጻላችሁ? እጅ የላችሁም? ይቺ ሴት ለማንኛችሁ ልጅ ሠርግ ነው ሽንኩርት ያልላጠችው?" ሦስት ደረጃ በአንድ ጊዜ ወረድን። አንዳንዶቹ ወደ ውስጥ ገቡ፤ በሩንም ቀስ አድርገው ዘጉት።

ሦስተኛ ፎቅ ላይ ድምፄ ጠፋ። አሜኖቹ ከጎንና ከጎን ቀስ እያሉ መመለስ ጀመሩ፤ የአክስቴን እግር ሸፈኑት።

"እኔ ልሞክር" አለች አክስቴ።

"አትድከሚ፣ እትዬ።"

"የዚህ ደረጃ አምፖል የማይቀየረው ለምንድን ነው?" አለች። አንድ ደረጃ ተጠረገ። ፈገግ አለች፤ አሳቃት። ከዚያ ትንፋሿን ሰበሰበች። ራሷን ወደ ላይ ቀና አድርጋ፣ ጠዋት ጠዋት በምትጸልይበት በዚያው ድምፅ፣ ሳትቆጣ፣

"ጌታዬ፣ ምን አድርጌህ ነው?" አለች።

ያ ጥያቄ የቀረውን ደረጃ ሁሉ እስከ ምድር ቤቱ ድረስ ጠረገው። መሃሉ ላይ አንድም አሜን አልቀረም። ግድግዳው ሥር ጥግ ጥጉን ይዘው ቆሙ፤ ጎትቼ አወረድኳት።

ከበሩ ፊት ያስቆምኩት የላዳ ታክሲ ሹፌር ምንም ሳይጠይቅ ወርዶ በብብቷ ያዛት፣ እኔ እግሯን ያዝኩ፣ ከኋላ አስተኛናት። መንገዱን ሙሉ ጥሩምባ እየነፋ ነው የነዳው። አክስቴ ስትተነፍስ ውስጧ ውሃ እንዳለበት ጀሪካን ይንቦጨቦጫል። ከንፈሯ ወደ ሰማያዊ ሄዷል። ትንሽ ቀረን እላታለሁ፤ እሷ በዓይኗ እሺ ትለኛለች።

እጥበት ቤቱ በር ላይ ያለው ጥበቃ ስም ጠየቀኝ።

"አስካለ በዛብህ። ሦስተኛው ማሽን ላይ ናት፣ ተራዋ አሁን ነው።"

"ወይዘሮ አስካለ ገብተዋል" አለኝ። "ሰዎቻቸው በወንበር ይዘዋቸው መጡ። ጥሩ ሰዎች ናቸው፤ እኔም አየሁት፣ አሜን ብያለሁ።"

"ይቺ ናት አስካለ። ያቺ አይደለችም። ይቺን እያት!"

ጎንበስ ብሎ አክስቴን አያት። ፊቷ አብጦ ዓይኖቿ ጠበዋል። ስልኩን አውጥቶ ከፎቶው ጋር አስተያየ፣ እየደጋገመ፣ በጥንቃቄ።

"አይመስሉም" አለ። "እሳቸው ዘመም ይላሉ።"

ገፍቼው አለፍኩ። ሹፌሩና እኔ አክስቴን ይዘን እስከ መስታወቱ ደረስን፤ በሩ ከውስጥ ተቆልፏል። ወለሉ ላይ፣ ግድግዳ አስደግፈን አስቀመጥናት። መስታወቱን በሁለት እጄ ደበደብኩት። ወፍራም ነው። ውስጥ አራቱ ነጭ ቲሸርቶች ግድግዳ ይዘው ቆመዋል፣ እጃቸውን አጣምረዋል። የኢዮስያስ ደረት ላይ ቀይ መብራት ይበራል። ሦስተኛው አልጋ ላይ ጋቢው አለ። ሲስተር ፍሬሕይወት ጓንቷን እያደረገች ነው፤ ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ድምፅዋ በበሩ ሥር ይመጣል።

"እማማ፣ ክንድዎትን" አለች።

ከዚያ ከጋቢው ሥር ክንድ ወጣ። ነጣ ያለ ግራጫ ነው፤ ክርን የለውም። ሲስተር ፍሬሕይወት ዳብሳ ዳብሳ ቦታውን አገኘች፣ በአልኮል ጠረገች፣ መርፌውን አስገባች። ማሽኑ መዞር ጀመረ። በቱቦው ውስጥ የሚመላለሰው ነገር ቀለም አልነበረውም።

መስታወቱን መደብደቤን አላቆምኩም። እጄ ደምቷል። አክስቴ የቀሚሴን ጫፍ ሳብ አደረገችኝ፤ አንገቷን ቀና አድርጋ ወደ ውስጥ እያየች ነበር።

"አየሻት?" አለችኝ። "መርፌ ሲወጓት እንደኔ ፊቷን ታዞራለች።"

አየሁ። ጋቢው ቀስ ብሎ ወደ ግድግዳው ዞረ።